ሱሺላ የተናገረችባቸው ገጾች

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ንጉሡ፣

እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነልዎ? እትዬ ታደለችስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከዚህ ከአሜሪካ በረዶ በቀር የማማርረው ነገር የለኝም።

ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን። ፖስታዎ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሆቴላችን በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ሁለት ሠራተኛ ደግሞ ታመውብኝ፣ የሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ተብዬ ራሴ አንሶላ ሳነጥፍ ነው የሰነበትኩት። ቤት ስገባ ጣቶቼ ኮምፒውተር መንካት እምቢ ይላሉ። ዛሬ ግን ኦፍ ነኝ። ጠዋት ሻይዬን ይዤ ቁጭ አልኩና መቅድሙን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

«ወደድሽው ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ» ብለው ጽፈዋል። ወድጄዋለሁ። የትርጉምዎን ረቂቅ ስተይብልዎ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደዚህ መቅድም ያንገበገበኝ ግን የለም። «ሴት በህንድ ልቦለድ» የሚለው ርዕሱ ራሱ ደስ ይላል። ህንዳዊ ደራሲ ሴቷን ውኃ ያስቀዳታል፣ በር ላይ አቁሞ ባሏን ያስጠብቃታል፣ ሲሞትባት ያስለቅሳታል፣ አንደበት ግን አይሰጣትም ያሉበት ቦታ ስደርስ፣ በልጅነቴ ከእህቶቼ ጋር ሲኒማ ቤት ገብተን ያለቀስንላቸው የህንድ እናቶች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ስናለቅስላቸው፣ እነሱም ከማልቀስ በቀር አንድ ቁም ነገር ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም!

ደግሞ መቁጠርዎ! «ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ወንዝ» የሚያህል መጽሐፍ ውስጥ የታላቅየው ሚስት ሱሺላ የምትናገረው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዘጠኙም አራቱ «እሺ» የሚል ነው ብለዋል። ደራሲውን ባገኘው እንዴት አድርጌ እንደምናገረው እያሰብኩ ነው የዋልኩት።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የምዕራፍ አሥራ ስድስት መጨረሻ ላይ ቀለም ፈስሶ ሦስት መስመር አላነብ አለኝ። እርስዎን እንዳላስቸግር እንግሊዝኛውን ከላይብረሪ አዝዣለሁ።

አክባሪዎ ስመኝ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ስመኝ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለታደለች፣ አንዴ ደግሞ ታደለች ገበያ ከሄደች በኋላ እንደገና ለራሴ። ሽማግሌ ሲመሰገን ልጅ ይሆናል፤ አትፍረጂብኝ።

በፖስታው ጀርባ ላይ መጽሐፉን ከየት እንዳገኘሁት ጠይቀሽኛል። የሰጠኝ ሚስተር ኩሪያን የሚባል ህንዳዊ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነው፤ ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ። አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸክፍ ጠራኝና «ንጉሡ፣ አንድ ቀን ይህን በራስህ ቋንቋ አንብበው» አለኝ። እኔም አስተማሪ ሆንኩ፣ ስደተኛ ሆንኩ፣ ባለታክሲ ሆንኩ፤ መጽሐፉ ግን ከእጄ አልወጣም። ብዙውን የተረጎምኩት ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ መሪው ላይ ደብተር ዘርግቼ ነው። አንዳንዴ ተራዬ ደርሶ ከኋላ ክላክስ ይነፋብኛል፤ እኔ ገና የወንድማማቾቹን የመሬት ክርክር አልጨረስኩም!

አሁን ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትርጉሜ ታትሞ በዓይኔ አይቼው፣ በእጄ አገላብጬው ልሙት እላለሁ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ሶፎንያስ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካላስረከብኩት ተራዬን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቆኛል። እዚህ የንባብ ክበባችን ደግሞ ለምረቃው ለሰኔ አዳራሽ ይዟል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ፍለጋ አትድከሚ። ቀለም የፈሰሰባቸውን ሦስት መስመሮች ከታች ገልብጬልሻለሁ። ሌላ የማይነበብ ቢገጥምሽም እኔኑ ጠይቂኝ። ስልክ ግን አደራሽን አትደውዪ፤ የጆሮዬ ማሽን ያንቺን ድምፅ ከቫኪዩም ክሊነር አይለየውም።

ታደለች ፖስታውን ልታስገባልኝ ኮቷን ለብሳ ቆማለች። ሰላም ትልሻለች።

ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ንጉሡ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ግፊትዎን ይለካሉ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ? እትዬ ታደለችስ? የልጅ ልጆችዎስ? ጀርመንታውን ያሉት ልጅዎ ቤት ገዙ የተባለው እውነት ነው? እንኳን ደስ ያለዎ። እዚህ ብርዱ ትንሽ ረገብ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በአምስተኛው ልጨርሰው።

«አትድከሚ» ያሉት ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ላይብረሪው እንግሊዝኛውን አስመጥቶልኝ ነበር። ከመጣ አይቀር ብዬ ከፈትኩት። ሦስቱን መስመሮች አገኘኋቸው። ቀጥሎ ምዕራፍ አሥራ ሰባት ይላል። በእኛው ምዕራፍ አሥራ ሰባት ጎርፉ ነው፤ በዚያኛው ጎርፉ ሃያኛው ምዕራፍ ላይ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ ሦስት ምዕራፎች አሉ። አርባ አንድ ገጽ።

ወንድማማቾቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ለያዙት የመሬት ክርክር ከተማ ሄደዋል። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ቤት ውስጥ ያሉት ሱሺላ፣ አማቷ እና የሞተው የሦስተኛው ወንድማቸው ሚስት ብቻ ናቸው። ሦስቱ ማድቤት ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ሱሺላም እዚያ «እሺ» አትልም። ወንድሞቿ ሲማሩ ከግድግዳው ማዶ ሆና ማንበብ እንደለመደች ትናገራለች። የጎረቤቶቹን የድንበር ድንጋይ በድብቅ የነቀለው የገዛ ባሏ መሆኑን እንደምታውቅ ትናገራለች። ከዚያ አማቷን «እዚህ ቤት ከመግባትዎ በፊት ስምዎ ማን ነበር?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። አሮጊቷ ቶሎ አይመጣላቸውም፤ ለማስታወስ ይቸገራሉ። እዚያ ቦታ ላይ ሜትሮ ውስጥ ሆኜ ሳነብ መውረጃዬ አለፈኝ።

እስከ ዛሬ እኮ ሱሺላ በጎርፉ ቀን ጎተራውን ከፍታ እህሉን ለተበደሉት ጎረቤቶች ያከፋፈለችው ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አእምሮዋ ተነክቶ ነው ብዬ ነበር የተየብኩት።

ጋሽ ንጉሡ፣ መቼም እነዚህ ገጾች ከፖስታው ወድቀው መሆን አለበት። አምና አንድ ፖስታ ተቀዶ ደርሶኝ አልነበር? ምናልባት ያኔ ይሆናል። ረቂቁ እጅዎ ላይ ካለ ቢልኩልኝ ቶሎ ተይቤ አደርስልዎታለሁ። ደፈርሽኝ እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

አክባሪዎ ስመኝ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስመኝ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዳልሽው ፖስታ ቤቱ ሳይሆን አይቀርም። ረቂቁን ፈልጌ አላገኘሁትም። ዓይኔም እንደገና ለመተርጎም አይመቸኝም፤ ጊዜውም አልቋል። መጽሐፉ ያለ እነሱም ይነበባል።

መቅድሙን እንዳለ ተይቢና ለሶፎንያስ ላኪለት።

ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ንጉሡ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መቅድሙን ተይቤዋለሁ። አልላክሁትም።

ይቅርታ የምጠይቅዎት ለዚህ ብቻ አይደለም። ፖስታ ቤቱ ምንም አላጠፋም። የምዕራፍ አሥራ ስድስት መጨረሻ ገጽ በእጅ ጽሑፍዎ 212 ይላል፤ የጎርፉ መጀመሪያ 213። ይህን አስቀድሜም አይቼዋለሁ። እርስዎን «ቆረጡት» ማለት ከበደኝና ጥፋቱን ለፖስታ ቤቱ ሰጠሁት። ሰበቡን ያስጨበጥኩዎ እኔ ነኝ፤ አሁን መልሼ ልውሰደው።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በታይፒስትነት ሠርቻለሁ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ሲናገሩ ከነስማቸውና ከነማዕረጋቸው ይጻፋል። ሴት ስትናገር ጸሐፊው «ሌሎች አስተያየቶችም ተሰጥተዋል» ብሎ ያልፈዋል። እኔም እተይባለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ ተነሥቼ ተናገርኩ። የወለደች ሠራተኛ ሁሉ የምታጠባበት ክፍል አጥታ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው ልጇን የምታጠባው፤ እኔም ልጄን እዚያው ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው ያጠባሁት ብዬ ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ። በማግሥቱ ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «ሌሎች አስተያየቶችም ተሰጥተዋል» ይላል። ጋሽ ንጉሡ፣ ተየብኩት። በገዛ እጄ ራሴን አውጥቼ፣ በሦስት ኮፒ አድርጌ ለፊርማ አቀረብኩት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደራሲውን መልአክ ነው አልልም። ወንዶቹ ከከተማ ሲመለሱ ሱሺላን መልሶ ዝም አሰኝቷታል፤ በዚያ ይወቀስ፤ እኔም አብሬ እወቅሰዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የተናገረችውን ሴት ግን «አንደበት አልተሰጣትም» ብዬ አልተይብም። ወይ ምዕራፎቹ ይግቡ፣ ወይ መቅድሙ ይቅር። ሁለቱም አይሆንም ካሉ ሌላ ታይፒስት ይፈልጉ፤ የተየብኩትን ሁሉ ያለ ቅሬታ አስረክባለሁ። እርስዎን ማስቀየም አባቴን ማስቀየም ያህል ነው የሚከብደኝ።

አክባሪዎ ስመኝ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ስመኝ፣

ባለፈው ሳምንት በላክሽው ካርድ ላይ «አሞዎት ነው ወይ ዝም ያሉኝ?» ብለሻል። አላመመኝም። ተቆጥቼ ነበር።

መጀመሪያ የተቆጣሁት በአንቺ ነው። «አንሶላ የምታነጥፍ ሴት እኔን መጽሐፍ ልታስተምረኝ!» ብዬ ጮህኩ። ታደለች ከምትሠራው ሹራብ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ ግን ስበላም ስተኛም ተከተለኝ። ይህን የምነግርሽ ሰምተሽ እንድታዝኚብኝ ነው፤ ይገባኛልና።

ከዚያ የሚስተር ኩሪያንን መጽሐፍ አወጣሁ። ምዕራፍ አሥራ ሰባት ራስጌ ላይ በእርሳስ «ይዘለል» የሚል ተጽፏል። ጽሑፉ የእኔ ነው። የጻፍኩበት ቀንም አለ፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። እመኚኝ፣ ስመኝ፣ ረስቼው ነበር። መቅድሙን ስጽፍ እንግሊዝኛውን አልከፈትኩም፤ ያነበብኩት የገዛ ረቂቄን ነው። ሱሺላ ዘጠኝ ጊዜ ተናገረች ብዬ የቆጠርኩት ከገዛ ወረቀቴ ላይ ነው። አፏን የዘጋሁት እኔ፣ የቆጠርኩት እኔ፣ የከሰስኩት ደራሲውን።

ለምን ዘለልከው ብትዪኝ፣ ለሰው የምሰጠው መልስ አለኝ፤ ታሪኩን ያጓትታል እላለሁ። እውነቱ ግን አልቻልኩም። ስድስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ወንዶቹ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ብዕሬን የሚያቆመው የለም። ሴቶቹ ማድቤት ሲገቡ ሁሉም እንደ እኔ መናገር ይጀምራሉ። ሱሺላ ሽንኩርት እየላጠች «ከዚህም ባሻገር» ትላለች። አማትየዋ «በመሠረቱ» ይላሉ። አንዱን ገጽ ያን ጊዜ ለታደለች ባነብላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እነዚህ ሴቶች የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ደብተሬን ከድኜ ወደ ታክሲዬ ሄድኩ። «ይዘለል» ያልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

እናት ነበረችኝ። አራት እህቶች አሉኝ፣ ሚስት አለችኝ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጌያለሁ። እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። ምን እያወሩ እንደነበር ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሽማግሌ ሆኜ ይህን ማወቄ አሳፍሮኛል።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። ሦስቱን ምዕራፎች አንቺ ተርጉሚያቸው። እንግሊዝኛዬ የሆቴል ነው እንዳትዪኝ።

ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ንጉሡ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ዶሮው ተስማማዎት? ሐኪሙ ቅቤ እንደከለከለዎ አልረሳሁም።

እንግሊዝኛዬ የሆቴል ነው። ይህን ሳልል አላልፍም።

ስለ አንሶላው የጻፉትን አንብቤ አዝኜ ነበር፤ ከዚያ ሳቅሁ። አንሶላ ማንጠፍ ቀላል እንዳይመስልዎ። ሲልቨር ስፕሪንግ በመጣሁ ቀን እኔ አሳይዎታለሁ።

ምዕራፍ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንትን ልኬልዎታለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስዎታል። ብቻዬን የሠራሁት እንዳይመስልዎ። በምሳ ብሬካችን ላውንድሪው ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ማራናታ የምትባል እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ አለችን፤ ነርሲንግ እየተማረች ሳምንት መጨረሻ ላይ ትሠራለች። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ እሷ ታስረዳኛለች። ሃይማኖት ደግሞ ከጎንደር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛው ሲደርቅብኝ እሷ ታርሰዋለች። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብላቸው ማራናታ ሳንድዊቿን አስቀመጠችና፣

«ዌይት፣ ባሏ ሊቭ እስኪያደርግ ነው ዌይት ያደረገችው?» አለች።

«ታዲያ ፊቱ ትናገር?» አለቻት ሃይማኖት። «ሰውዬው ጆሮ የለውማ!»

«ታዲያ ለምን አትፈታውም? ላይክ፣ ጀስት ሊቭ!»

«ወዴት ብላ? በረዶ የሚጠርግ መንግሥት አለ መሰለሽ እዚያ?»

እንዲህ ሲከራከሩ እኔ እጽፋለሁ። ሱሺላ የምትናገረውን ግማሹን ያገኘሁት ከእነሱ አፍ ነው ብል ውሸት የለውም። አሮጊቷ ስማቸውን የሚጠየቁበት ቦታ ስንደርስ ግን ሃይማኖት መከራከሯን ትታ ምሳዋን ከደነች። «እናቴን ሰፈሩ ሁሉ የብሥራት እናት ነው የሚላት» አለች። «ብሥራት ወንድሜ ነው። የእሷን ስም ያወቅሁት እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ ነው።» ያን ቀን ከዚያ በላይ አልሠራንም። ማታ ቤቷ ገብታ እናቷ ጋ ደውላ «እማዬ፣ ስንዱ፣ እንዴት አደርሽ?» ብትላቸው፣ እናቷ ደንግጠው «ምን ሆነሻል?» አሏት አሉ።

ደስ ብሎኛል፣ ጋሽ ንጉሡ። ከታይፒስትነት ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም፤ ያኔም የሰው ቃል ነበር። እባክዎ ለእትዬ ታደለች ያንብቡላቸውና የተበላሸውን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ስመኝ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ስመኝ፣

ሦስቱም ምዕራፎች ደርሰውኛል። ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ ፀሐይ ሲገባ ለታደለች አነበብኩላት። አምስት ቀን ፈጀብን። በመጀመሪያው ቀን ሹራቧን እየሠራች ነበር፤ በሁለተኛው ሹራቡን አስቀመጠች፤ በሦስተኛው እርሳስ አምጣ አለችኝ። «ሽንኩርት የሚልጥ ሰው እንዲህ ረጅም አይናገርም፤ ይቆራርጠዋል፣ ዓይኑን ይጠርጋል» ብላ አንዱን አንቀጽ አራት ቦታ ከፋፈለችው። ልክ ናት። አማትየዋ የሱሺላን ነገር ሰምተው ሊቆጡ ሲሉ እሳቱን ይቆስቁሱ አለች፤ ደራሲው ግን አላስቆሰቆሳቸውምና ይህን አልፈቀድኩላትም። ተከራከርን። በትዳራችን ውስጥ በመጽሐፍ ስንከራከር ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ ጎረቤት ሰምቶ የተጣላን መስሎታል።

ሶፎንያስን «ማንኛውም ነገር ሊጨመር ይችላል ወይ?» ብዬ እንድጠይቀው ያሳሰብሽኝን ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ከተስማማንበት ገጽ አንዲት ቅጠል አልጨምርም፤ ወረቀቱ ተለክቶ ነው የተገዛው» አለኝ። ስለዚህ አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። መቅድሙን አወጣሁት። አልበቃም። ስለ ሚስተር ኩሪያን የጻፍኩትን በግማሽ አሳጠርኩት፤ አልበቃም። መጨረሻ ላይ የነበረውን የሕይወት ታሪኬን ከነፎቶግራፎቹ አወጣሁት፤ በቃ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መቅድሙ ሲወጣ አልቆጨኝም፤ የሕይወት ታሪኬ ግን አመመኝ። የደብረ ብርሃኑ ክፍል ጥሩ ነበር። ታደለችም «እሱስ ጥሩ ነበር» ብላኛለች፤ ካላመነችበት አትልም።

በአሮጌው መቅድም ፋንታ የሚገባውን እነሆ፦

«ለአንባቢ። ለዚህ መጽሐፍ ረጅም መቅድም ጽፌ ነበር። ደራሲው ሴቶቹን አንደበት ነፍጓቸዋል ብዬ ወቅሼው ነበር። ከአሥራ ሰባት እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉትን ምዕራፎች፣ ሴቶቹ የሚናገሩባቸውን፣ ቆርጬ የጣልኩት ግን እኔ ነበርኩ። ይህን አግኝታ የነገረችኝም፣ ሦስቱን ምዕራፎች የተረጎመችውም ስመኝ ዓብዩ ናት። እነሱ ከሌላው የተሻለ አማርኛ ያላቸው መስለው ከታዩህ አልተሳሳትክም። ደራሲውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሱሺላንም።»

አንቺን አውቅሻለሁ፤ ሽማግሌ እንዳይዋረድ ብለሽ ታለሳልሺዋለሽ። እንዳትነኪው። እንዳለ ተይቢና ላኪው።

ንጉሡ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ስመኝ፣

እኔ ታደለች ነኝ። ደብዳቤው በኔ እጅ ተጽፎ ስታዪው እንዳትደነግጪ፤ ንጉሡ ደህና ነው። ሶፎንያስ ትናንት ደውሎ መጽሐፉ ማሽን ላይ እንደወጣ፣ ሦስቱም ምዕራፎች እንዳሉበት፣ የይቅርታዋም ገጽ ከፊት እንዳለች ነግሮናል። ንጉሡ ስልኩን ለኔ ሰጥቶ እኔ እየጮህኩ ነው የነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ እየዞረ ያፏጫል።

«እትዬ ታደለች ከሦስቱ ምዕራፍ የቱን ይበልጥ ወደዱት?» ብለሽ ጽፈሽለት ነበር። አነበበልኝና «ሁሉንም ወዳለች ብዬ ልመልስላት» አለኝ። ተወው፣ እኔ እጽፍላታለሁ አልኩት። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

የወደድኩት ሱሺላ ከግድግዳው ማዶ ሆና ማንበብ የለመደችበትን ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ያን ጊዜ ንጉሡ የወላጅ ኮሚቴ ያስመሰላቸውን ገጽ አንብቦልኝ ስስቅበት፣ እንግሊዝኛው ምን ቢል ነው እንዲህ የተቸገረው የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ከርሞ ታክሲው ተበላሽቶ ጋራዥ ሲገባ መጽሐፉ ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ለነዚያ ሽማግሌዎች ጋዜጣ የማነበው፣ ለልጆቻቸው ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ንጉሡ ግን በቤታችን እንግሊዝኛ የሱ ብቻ ይመስለዋል። እሱ መኪናውን ሊያይ ሲወጣ መጽሐፉን አወጣለሁ። ሲመለስ ቦታው አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ አድርጌ ጨረስኩት። ሱሺላንም፣ አማትየዋንም፣ «ይዘለል» የሚለውንም አየሁ።

እንግዲህ ስመኝ፣ አሥር ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር ማለት ነው። መቅድሙን ሲያነብልኝም አውቅ ነበር። «ዘጠኝ ጊዜ ብቻ!» እያለ ጠረጴዛ ሲመታ እዚያው ተቀምጬ ነበር። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዝም ማለት ለምዶብኝ፣ ሰላም ነው ብዬ ነው የያዝኩት። አንቺ በኛና በአሌክሳንድሪያ መሀል ካለው ወንዝ ማዶ ሆነሽ፣ ያባትሽን ያህል የምታከብሪውን ሰው አስቆጥተሽ እንዳታጪው እየፈራሽ ተናገርሽ። እኔ ባንድ ቤት እየኖርኩ አልተናገርኩም። ይህን ለአንቺ ሳልነግርሽ ብቀር አይገባም።

ትናንት ከስልኩ በኋላ ለሱም ነገርኩት። ሁሉንም። ፉጨቱን አቆመ። የተቀየመኝ መሰለኝ። ከዚያ የጆሮውን ማሽን አስተካከለና «ታደለች፣ ሌላስ ያልጠየቅኩሽ ምን አለ?» አለኝ።

«ብዙ ነው፤ ቁጭ በል» አልኩት።

ቁጭ አለ።

ታደለች